የመዓሊመድ ሳህራ እንግዶች

መዓሊመድ ሳህራ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ጫማ ሰፊው ዘንድ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ ተቀምጬ ነው። ሰውየው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ «ያቺ የ31 ሜይ ሰፈሯ አስተማሪ፣ ዓይነ ስውሯ፣ ወደ አላህ ሄደች እኮ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ብድግ ብሎ ይሮጥ ነበር። እኔ በአንድ ጫማ የት እደርሳለሁ? ስፌቱ እስኪያልቅ አቀርቅሬ ጠበቅኩ። ለዚያች ሴት ስዘገይ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ከእኔ ቤት፣ ከሀርጌሳው መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ እስከ እርሷ ቤት አንድ ሚኒባስ ነው። ጉልበቴ ከለገመም ባጃጅ ሞልቷል። በሾፌርነት ዘመኔ ከበርበራ ወጃሌ ስንቴ እንደተመላለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ያቺን የአንድ ሚኒባስ መንገድ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ እናገራለሁ። ብቻ ታገሡኝ፤ አሮጌ ሞተር ሳያስል አይነሳም።

«ሞተች» ማለቴን የሚታዘብ አይጠፋም። ትልቅ ሴት ናት፣ አስተማሪ ናት፣ አንቱ መባል ይገባት ነበር። እኔም መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብያት፣ ከኋላዋ ማን ቆሞ እንደሆነ ዞራ አየች። ከዚያ፣ «ዎርያ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ሁለተኛ እርስዎ ካልከኝ ሻዬን አትቀምሳትም» አለችኝ። ዎርያ በሶማልኛ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ነው፤ መዓሊመድ ደግሞ መምህርት። ሻዩን ስለምወድ እርስዎታውን በዚያው ቀን ጣልኩት።

ትውልዷ ሶማሌ፣ ያደገችውና በአማርኛ የተማረችው ድሬዳዋ ነው። ሀርጌሳ ተድራ መጥታ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምር ነበር። ጦርነቱ መጣ፤ ወደ ስደተኞች ጣቢያ ሄደች። ስትመለስ ባል የለም፣ ጣሪያ የለም፣ በር የለም። ግድግዳውና አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ ቆመው ጠበቋት። ያኔ ሀርጌሳ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ተሸክሞ የሚሄድባት ከተማ ነበረች፤ አንዱ በር፣ አንዱ የመስኮት ብረት፣ አንዱ የተቃና ቆርቆሮ። እርሷ መኪና ማቆሚያችን ድረስ የመጣችው ግን ባዶ እጇን ነው።

«ከእናንተ ውስጥ በርበራ የሚሄደው ማነው?» አለች በአማርኛ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ያኔ ሲሳብ ይታዘዝ ነበር።

«ባሕር ታመጣልኛለህ?»

«ዓሣ ማለትሽ ነው?»

«ዓሣ አላልኩም። ባሕሩን። አራት ጀሪካን። ድንጋይም ከውሃው ውስጥ፣ በእርጥብ ማቅ ጠቅልለህ። ሕያው ድንጋይ።»

ጓደኞቼ ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁና እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው፤ ማድረግ ነው የሚከብደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምታስተምራቸው ልጆች በአቧራማው ጣቢያ ያደጉ ናቸው፤ ባሕር አይተው አያውቁም። መጽሐፍ የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ። «ባሕሩ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተኝቶ እኔ በጠመኔ ልሥለው?» አለችኝ። እናም ከፈረሰ ሱቅ የወጣ መስታወት ለቅማ፣ አስቆርጣ፣ በሲሊኮን ሙጫ አጣብቃ፣ ከሳሎኗ ጥግ የአልጋ ስፋት ያለው ገንዳ ሠራች። ለገንዳው አየር የሚሰጠው ማሽን አልነበረም። የእኔን የጎማ ውስጥ ላስቲክ በፓምፕ ነፍታ፣ የግሉኮስ ቱቦ ሰክታበት፣ መቆጣጠሪያዋን ጥቂት ስትለቃት አየሩ ጠብ ጠብ እያለ ከውሃው ሥር ይንፎለፎላል። ሰው ለሰው ደም ሲሰጥ አይቻለሁ። ጎማ ለባሕር ትንፋሽ ሲሰጥ ያየሁት እዚያ ቤት ነው።

ዓሣ አልነበራትም። ድንጋይ ብቻ። ከሳምንት በኋላ ግን ያልጠራናቸው ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ የሚፈናጠሩ፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጡ ነገሮች አየሁ።

«ቁንጫ ገብቶብሻል! ፍሊት እንርጭበት» አልኳት።

«ሙት! ስሙን ሳታውቀው ትገድለዋለህ?» ብላ እጄን መታችኝ። «ማርቲ ናቸው።»

ማርቲ በሶማልኛ እንግዳ ማለት ነው። በእነርሱ ወግ እንግዳ ሲመጣ ማን ነህ፣ ከማን ወገን ነህ፣ ለምን መጣህ ተብሎ ወዲያው አይጠየቅም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያርፋል፤ ሦስት ቀን በአስተናጋጁ እጅ ነው። እርሷም ይህንኑ ሕግ ለቁንጫ አወጣችለት። አዲስ ፍጥረት ብቅ ሲል ሦስት ቀን አይነካም፣ አይጠየቅም። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብስ ገንዳው ላይ ይጣልና ያቺ የምታህል መምህርት እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ጭንቅላቷን ከሥሩ ከትታ፣ ባትሪዋን በቀይ ጨርቅ ሸፍና፣ በሰዓት ሠሪ ማጉያ ታየዋለች። ትሥለዋለች፣ እግሩን ትቆጥራለች፣ መዝገብ ላይ ታሰፍረዋለች። እኔ አገር እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል ብያት፣ «ለዚህ ነዋ አንተ ቤትህ የማትገኘው» አለችኝ።

መዝገቡን የምትጽፈው በአማርኛ ነበር። «የተማርኩበት ነው፤ ደግሞም ጎረቤት አያነብብኝም» ትላለች።

አንዳንዴ ብርድ ልብሱ ሥር እኔን ትሰደኛለች። ተራ በተራ ነው፤ ክርስቲያን ሾፌርና መምህርት በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ቢገኙ ከተማው ሌላ ጦርነት ያነሣ ነበር።

«ስም ከእግር ይጀምራል። ቁጠር» ትለኛለች ከውጭ።

«አሥራ አራት» እላለሁ፣ ሁለት እንኳ ሳልቆጥር።

እርሷ ገብታ ታያለች። «አሥር ነው። የጎማ ቁጥር የምታውቅ ሰው እግር መቁጠር አቃተህ? ዎርያ ዘለቀ፣ ያየኸውን ንገረኝ እንጂ ደስ ይላታል ያልከውን አትንገረኝ።»

ይህን ስንቴ እንዳለችኝ! እኔ ደግሞ ሰው ደስ ማሰኘት ነው የምወደው። ከእውነት ይልቅ ይቀርበኛል፤ መታጠፊያም የለውም።

ልጆቹ በቡድን በቡድን እየመጡ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ይለጥፉ ነበር። አንድ ቀን ስምንት ሆነው እያዩ ሳለ ከገንዳው ውስጥ «ጠቅ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተደፉ። እኔም ከእነርሱ ቀድሜ፤ ያውም ከሁለቱ ላይ። መዓሊመድ ብቻ ቆማ ቀረች። ብርድ ልብሷን አመጣችና ገባች። ሦስት ቀን ያልጠበቀችለት እንግዳ እርሱ ብቻ ነው። ሲገኝ ከጣት አንጓ የማይበልጥ፣ አንዱ እጁ ከሰውነቱ የሚከብድ፣ ያን እጁን እየከፈተና እየዘጋ የሚያጮህ አንድ ሚስኪን ሽሪምፕ።

«ተነሡ፣ ተነሡ» አለች ልጆቹን። «ጠመንጃውን ያላስረከበ አንድ ሰው ነው።»

ያኔ ታጣቂው ሁሉ መሣሪያውን እያስረከበ ነበርና ልጆቹ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጠቅ ባለ ቁጥር «አስረክብ!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። የሚደፋ ልጅ ቀረ። መስታወት ውስጥ ያለ ነገር እንዲህ ሰው ሲያክም አላየሁም።

ሌላ ቀን ደግሞ ከድንጋዩ የወጣ ጸጉራም ትል ስነካ ጸጉሩ ጣቴ ላይ ተሰካና ለሁለት ቀን አቃጠለኝ። በመዝገቡ ላይ የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «ባለ ጸጉር ትል። የሞተውን ሁሉ ይበላል፤ የገንዳው ቀባሪ ነው። ሾፌር ወጋ። ሾፌሩ አለቀሰ።» አላለቀስኩም። ዓይኔ ውሃ አቀረረ እንጂ።

አንድ ጊዜ ብቻ በቁም ነገር ጠየቅኳት። «መዓሊመድ፣ ለቁንጫና ለትል ስም መፈለጉ ምን ያደርግልሻል?»

ሻይ እየቀዳች ነበር። «ባሌ የት እንደተቀበረ አላውቅም» አለች። «ሲቀብሩት ስሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አልነበረም።» በራዱን አስቀመጠች። «ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ጠጣሁ።

የመጨረሻው እንግዳ የመጣው እኔ ባመጣሁት ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከቀዳዳዋ አንድ ላባ የመሰለ እጅ ብቅ ይልና ውሃውን እንደ መረብ ጠርጎ ይመለሳል። ከዚያ ሁለተኛው እጅ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ዓሣ አጥማጅ ይመስል። ሰውነቱ ግን አይወጣም። ሦስት ቀን አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ። በመዝገቡ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። እግሩን ሳትቆጥር እንዴት ትጻፍ?

በዚያው ወራት ነው የስኳር በሽታዋ ዓይኗ ውስጥ የገባው። ሐኪሙ የቀኙ አልቋል፣ የግራውም ወራት ነው የቀረው አላት። ይህን የነገረችኝ ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ እንደ ልጆቹ ለጥፋ ነው።

«አዝናለሁ» አልኳት።

«እዘን፣ ግን ውሃ አምጣ። አዲስ ውሃ ስናፈስ ሁሉም ይወጣሉ። ይሄም ትከሻው ድረስ ወጥቷል። የቀረችኝን ዓይን ለእርሱ ነው ያስቀመጥኳት። አንድ ጊዜ ሙሉውን ልየው፣ ስሙን ልጻፍለት፣ ከዚያ ይጨልም። አትዘግይብኝ።»

«ሐሙስ እዚህ ነኝ» አልኩ።

በርበራ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። መኪናዬ ጠዋት ተጭና አልቃለች። ንጹሑ ውሃ ያለው ከወደቡ ራቅ ብሎ ነው፤ በእግር ሄጄ፣ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ፣ አራት ጀሪካን መሸከም አለብኝ። እኔ ደግሞ ካርታ ይዤ፣ ለአንድ ቀን ዕድሌ ቀንቶ፣ እያሸነፍኩ ነበር። ከዚህ ዙር በኋላ፣ ከዚህ ዙር በኋላ ስል ጓደኞቼ ሞተር አስነሡ። ከግማሽ መንገድ በላይ ከሄድኩ በኋላ ነው ባዶዎቹ ጀሪካኖች ከኋላዬ ሲንኳኩ የሰማኋቸው።

ልመለስ? ቀኑ ሐሙስ ነው። ባዶ እጄን ልግባ? እየጠበቀችኝ ነው። እንግዲህ ብልሃተኛው ጭንቅላቴ ሠራ፤ ባሕር ማለት ውሃና ጨው አይደለም እንዴ? ሀርጌሳ ስገባ ውሃ በአህያ ጋሪ ከሚያዞረው ሰውዬ በርሜል ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ከገበያ ጨው ገዝቼ ጨመርኩ፣ በዱላ አማሰልኩ፣ ቀመስኩ። በእኔ ምላስ ከበርበራው አይተናነስም። ኮራሁም። ሞኝ የሚኮራው መቼ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እኔን ያኔ ቢያየኝ ይበቃው ነበር።

ውሃ ሁሉ ሳይፈተን ገንዳው አይገባም። መፈተኛዋን ራሷ ነው የሠራቻት፤ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሥሩ አሸዋ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር። ደኅና የባሕር ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ክሯ ልክ ከውሃው ፊት ላይ ትሆናለች። ጨው ካነሰው ትሰጥማለች። ያን ቀን ውሃውን በባልዲ ቀዳሁና ብልቃጧን ጣልኩ። መዓሊመድ ጎንበስ አለች፣ የግራ ዓይኗን አጠበበች፣ ቀና አለች።

«ደብዝዞብኛል። ክሯ የት ናት?»

ክሯ ከውሃው ሥር፣ ሁለት ጣት ወርዳ፣ ቀይ ሆና በደንብ ትታየኝ ነበር። ሁለት ጣት ምን ያመጣል አልኩ በልቤ።

«ልክ ፊቱ ላይ ናት» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። አፍስስ።»

ግማሹን አሮጌ ውሃ ቀድተን አውጥተን፣ የእኔን ባሕር አፈሰስኩ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ይወጣ ጀመር። ትሉም፣ ባለ አምስት ክንዱ የባሕር ኮከብም፣ ቁንጫዎቹም። ከዚያ ያ ላባ እጅ ብቅ አለ፤ ክንዱ ተከተለ፣ ትከሻው፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነቱ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀያይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሸርጣን መሳይ።

«ወጣ! ወጥቷል አይደል? ነጭ ነገር አያለሁ!» አለች። ከበርጩማዋ ተነሥታ ነበር። «አዲሱን ውሃ ወደደው! ዘለቀ፣ እኔ ነጭ ብቻ ነው የማየው፤ እግሩን ቁጠርልኝ!»

ቆጠርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። «ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫ። እግሩ ስድስት።»

«ሸርጣን ከሆነ ስምንት ነው። እንደገና።»

«ስድስት።»

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ስድስት ነው! እናቴን፣ ስድስት!»

አላመነችኝም። ምን ታድርግ? ከዘለቀ አፍ ቁጥር ሰምቶ የሚያምን ማን አለ? ቢሆንም ጻፈች፤ ፊደሎቿ መስመሩን እየሳቱ። እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። እኔም ደስ አሰኘኋት ብዬ በደስታ ወደ ጅግጅጋ ነዳሁ።

ከሳምንት በኋላ ስመለስ ገና ከበሩ ጸጥታው ገባኝ። የአየሩ መንፎልፎል የለም። ጎማው ሟሽሾ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ውሃው ወተት መስሏል።

«ማንም አልቀረም» አለች። «ቀባሪውም ሞቷል።»

ጎንበስ ብዬ የሟሸሸውን ጎማ አነሣሁ።

«ዘለቀ፣ ውሃው ከየት ነበር?»

ልናገር ነበር። እግዜር ያውቃል፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ከበርበራ ነዋ! ከየት ሊሆን?» አለ አፌ።

 ከዚያ ሌባ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ሰቅላ፣ ሻዩ ጣቷን እስኪነካት ቀዳችልኝ። ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ውሃ አምጣም አላለችኝም። እኔም መሄዱን አሳነስኩ፣ ከዚያ ተውኩ። ሾፌርነቱን ትቼ እዚሁ ሀርጌሳ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቼ ስኖር፣ ታውራ በቃሏ ማስተማሯን ከሩቅ እሰማ ነበር። አንድ ሚኒባስ።

ጫማዬ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሄድኩ። ተዕዚያው፣ የለቅሶው መቀመጫ፣ ገና አልተነሣም። የሎሚው ዛፍ አለ፤ ቤቱ ጣሪያ፣ መስኮት፣ የተቀባ በር አውጥቷል። የወንድሟ ልጅ ኢፍራህ ተቀበለችኝ። ድሮ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ከሚለጥፉት አንዷ ነበረች፤ ዛሬ የዓሣ ሀብት ተምራ በርበራ ትሠራለች።

«አዴር ዘለቀ፣ ስንፈልግህ ነበር» አለችኝ። አዴር አጎቴ ማለት ነው። «ሥዕሎቹን እናውቃቸዋለን፣ ጽሑፉን የሚያነብ የለንም። አማርኛ ነው።»

መዝገቡን ጭኔ ላይ አኖረች። መነጽሬን አደረግኩና እያነበብኩ ወደ ሶማልኛ መለስኩላት። ቁንጫዎቹን አነበብኩ። ጠመንጃ ያላስረከበውን አነበብኩ። ሾፌሩ ያለቀሰበትን ስናነብ አብረን ሳቅን። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። ባላለቀ ሥዕል ሥር፣ መስመር በሳቱ ፊደሎች፦ «እግር ስድስት። የቆጠረው ዘለቀ ነው። ስም፦»

«ስድስት?» አለች ኢፍራህ፣ ሥዕሉን ወደ ራሷ ስባ። «ስድስት ከሆነ ይታወቃል! ሸርጣን ይመስላል እንጂ ዘመዱ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው እግሩ ቀጭን ናቸው፣ ከኋላው ያጥፋቸዋል፣ አይታዩም። በላባው ውሃ የሚያጠልለው እርሱ ነው። እንደ ሲኒ ስለሚሰበር የሲኒ ሸርጣን ይሉታል። ሲይዙት ክንዱን ጥሎ ያመልጣል። በርበራ ድንጋይ ብትገለብጥ ሞልቷል፣ አዴር። ምንም ብርቅ አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አክስቴ ግን ስንት ዓመት ጠየቀችኝ መሰለህ። ስድስት ነው የሚለውን አልነገረችኝም፤ እርግጠኛ አልነበረችም መሰለኝ። ከሥሩ ምን ይላል?»

ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ነበረ፤ የበለጠ የተንጋደደ፣ በዳበሳ የተጻፈ። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት።

«ውሃውን ቀመስኩት። ባሕር አይደለም። እንግዶቼ በቤቴ ሞቱ። እንግዳ በቤት ሲሞት ጥፋቱ የአስተናጋጁ ነው። ክሯን በጣቴ መዳሰስ ነበረብኝ።»

በጥፋቱ ላይ የእኔ ስም የለም። ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት፤ የትም የለም።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ኢፍራህ። «ውሃው ምን ሆነ?»

ክንድ ጥሎ የሚያመልጥ ፍጥረት ስሙ ይህ ነው ተብሎ አሁን በጆሮዬ ተነግሮኛል። እኔም ላምልጥ ብል በሩ ክፍት ነው፣ ጫማዬም ተሰፍቷል። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርታውን፣ አህያውን፣ ጨውን፣ ሁለቱን ጣት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። እንደ አክስቷ ናት፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። «አዴር፣ ለመጻፍ ዓይንህ ያያል?»

«በመነጽር።»

«እንግዲያው ጻፈው። ጥፋቱ የእርሷ ሆኖ እንዳይቀር።»

 ባዶው ቦታ ላይ «የሲኒ ሸርጣን» ብዬ አሰፈርኩ። ከእርሷ መስመር ሥር ደግሞ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ውሃው ከአህያ ጋሪ በርሜል ነው። ጨው የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ክሯ ሁለት ጣት ሰጥማ ነበር፤ ፊቱ ላይ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። እግሩ ግን ስድስት ነበር፣ መዓሊመድ። ያየሁት ይህ ነው። ዘለቀ።»